ስለ ጌጡ ፎቅ የምዕራብ በር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሀብታሙ፣ የጌጡ የገበያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ግልባጭ፦ በፎቁ ለሚገበያይ፣ በፎቁ ለሚያልፍ፣ ከፎቁ ሥር ዝናብ ለሚጠለል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን እንዴት አድርጎታል? የዘንድሮው የጉና ብርድ አልከፋብዎትም? እኛ የምድር ቤት ተከራዮች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እርስዎም በአራተኛው ፎቅ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ በሙሉ ጤንነት ይቆዩልን ዘንድ ዘወትር እንጸልያለን፤ ወደ ታች የወረዱ ለት ምን እንደሚከተል ከልምድ አውቀነዋልና።

ስሜ ሰብለወንጌል ይባላል። ከደረጃው ሥር ያለችው ሻይ ቤት የእኔ ናት። ፊቴን አያውቁት ይሆናል እንጂ እጄን ያውቁታል፤ በየጧቱ ስኳሩ በዝቶ የሚመጣልዎትን ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ። ጉዳዬን በአካል ላስረዳዎ ደጋግሜ ወደ ቢሮዎ ወጥቼ ነበር፤ በወጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ሌላ ሰው ሲገባም ሲወጣም ስላላየሁ ከራስዎ ጋር እየተሰበሰቡ መሆን አለበት፤ ስምምነት ላይ ያድርሳችሁ። እኔም ጊዜዎን ላለመሻማት ብዬ ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ስሞታ የያዘ ሰው አመስግኖ ይጀምር ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ፎቁን ላመስግን። ደብረ ታቦር ላይ ያለው ሌላው ፎቅ ከፊት መስታወት ከኋላ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ጠባብ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ። ሰው ይገባል፣ ይገዛል፣ ይወጣል። የእርስዎ ግን መካከሉ ክብ አዳራሽ ነው። ጣሪያው መስታወት ስለሆነ በክረምት እንኳ መብራት ሳይበራ ሰው የሰውን ፊት ያያል። በየፎቁ ዙሪያውን ሰገነት ስላለው ከላይ ያለው ከታች ያለውን ቁልቁል ያየዋል። ከታች በክቡ ዳር ዳር የሲሚንቶ መደብ አለ፤ ወዲህና ወዲያ የተቀመጡ ሰዎች ሳይጯጯሁ ይሰማማሉ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ግን አይደራረሱም። በሩ ሁለት ነው፤ የምሥራቁ ወደ ገሳይ መንገድ ይወጣል፣ የምዕራቡ ወደ አንበሳሜ መኪና መቆሚያ። ይህን የነደፈውን መሐንዲስ በስም አላውቀውም። እጁ ይባረክ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ምን ይመስል እንደነበር በካሜራዎ አይተውት ይሆናል። ተማሪው በመስታወቱ ብርሃን ለፈተና ያጠናል። ገበሬው ጤፉን ሸጦ መኪና እስኪሞላ ወገቡን ያሳርፋል። ከዐረብ አገር የተመለስን ሴቶች ተሰብስበን ማን እንዳገባች፣ ማንስ አገሩ አልስማማት ብሎ ተመልሳ ልትሄድ እንደሆነ እናወራለን። እኔ ራሴ ኩዌት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያ አገር ሞሎች የእኛን ፎቅ ውጠው አያገሱም። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ብለው እንዳይተርቱብኝ፤ አባዩንም አይቼ ምንጬን ነው የማመሰግነው። አርብ ዕለት ፈቃድ ያገኘን ሴቶች ሌላ መሄጃ ስላልነበረን የምንገናኘው ሞል ውስጥ ነበር፤ ከፏፏቴው ጠርዝ አረፍ ከማለታችን ዘበኛው መጥቶ «ያላ» ብሎ ያስነሣናል። አገሬ ስገባ ማንም የማያስነሣኝ ቦታ እቀመጣለሁ ብዬ ያኔ ምዬ ነበር። ከዚያ ዘበኛ ጋር በስልክ ትማከሩ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ እገረማለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና አሁን ወደ ሥሩ ልውረድ። ታላቅ ወንድሜ ሙላቴ፣ ከዓመታት በፊት፣ በከብት ገበያ በአንድ በሬ ምክንያት በተነሣ ጠብ የሰው ነፍስ አጠፋ። ሟቹ በገሳይ በኩል የወይዘሮ እቴነሽ የበኩር ልጅ ነበር። አላስተባብልም፣ አላሳምረውም፤ ጥፋቱ የወንድሜ ነው፣ ተፈርዶበትም ታስሯል። አገሩን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን በፍርድ ቤት የተዘጋ ደም በሰው ልብ አይዘጋም። ሙላቴን የወህኒ አጥር ሸፍኖታልና የደመኞቻችን ዓይን ያረፈው በታናሽ ወንድሜ በዋልልኝ ላይ ነው።

ዋልልኝ ያኔ ልጅ ነበር። ዛሬ ሙሉ ሰው ሆኖ ሲያርስ ጀርባውን ለቁጥቋጦ ሰጥቶ አያውቅም። ክርስትና ተጠርቶ አይሄድም፣ ለቅሶ አይደርስም፤ የእናታችንን ተዝካር እንኳ ከጓዳ ሆኖ ነው ያሳለፈው። ያጨናት ልጅ አባት «ነገ ለሚሞት ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ነገሩን አንጠልጥለውታል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።

የደም ሽማግሎች ነገሩን ከያዙት ቆይተዋል። ያስቸገራቸው የሰው ልብ ብቻ አልነበረም፤ ቦታም ነበር። በእነሱ አገር እኛ አንገባም፣ በእኛ አገር እነሱ አይገቡም። ዛፍ ሥር ተሞከረ፤ ሁሉም ክላሹን አንግቶ መጣና አንዱ ባሳለ ቁጥር ሌላው እጁን ወደ ምላጩ እየሰደደ ጉባኤው ሳይጀመር ተበተነ። ጣራ ገዳም እንሂድ ተባለ፤ መንገዱ ደን ነው፣ ለዕርቅ የወጣ ሰው ደን ውስጥ ይጠበቃል ተብሎ ቀረ። ከዕለታት አንድ ቀን የሽማግሎቹ አውራ አያ እሸቴ ለልጃቸው የሠርግ ልብስ ሊገዙ ወደ ፎቁ መጡ። ጥበቃው ፈንታሁን በሩ ላይ ፈትሾ ሽጉጣቸውን ተቀብሎ ብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሳቸው ግን ልብሱን ትተው አዳራሹን መዞር ጀመሩ። ደመኛ ከደመኛ በአንድ በር አይገባምና ሁለት በር አለ። በሩ ላይ ብረት ይወርዳል። መደቡ ድምፅ ይደርስበታል፣ እጅ አይደርስበትም። ከየሰገነቱ አገር ሁሉ ቁልቁል ያያልና በዚያ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም። «ይህን ቤት የሠራው ሰው ሽማግሌ የነበረ መሆን አለበት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገሳዮቹ በምሥራቅ፣ እኛ የአንበሳሜዎቹ በምዕራብ ስንገባ ከረምን። ከእኔ እጅ ስለማይጠጡ ለእነሱ ሻይ የምታፈላው ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ ዙለይካ ናት። ወይዘሮ እቴነሽ መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚቀመጡት። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ዞሩ። እርስዎ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥሩት ይሆናል፤ እኛ ግን ቤታችን ገብተን አለቀስን። ለመጨረሻው ጉባኤ፣ ዋልልኝ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ለሚወድቅበት ቀን፣ ትንሽ ነበር የቀረን።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በሚገባው ትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ፦ መደቡን ስላስጌጡልን እናመሰግናለን። በየመደቡ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ሸክላ ደርድረው «ሳይገዙ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ሰቅለዋል። አበባዎቹ ውኃ አይጠይቁም፣ ኪራይ ቢጨመር አያጉረመርሙም፣ ሽማግሌ ቆሞ እነሱ ሲቀመጡ አያፍሩም፤ ከአስተዳደርዎ ጋር የተስማሙት ለዚሁ ይመስለኛል። አያ እሸቴ በዚያ ዕድሜያቸው በምርኩዝ ቆመው ነው የደም ነገር የተናገሩት። ለሽማግሎቹ ሻይ ቀድቼ «ይኸው ገዝተዋል» ብል፣ ሻይ እንደ ግዢ አይቆጠርም ተባልኩ። አበስኩ ገበርኩ! ታዲያ እኔ ኪራይ የምከፍለው በምን ገቢ ይሆን?

፪ኛ፦ በአዳራሹ መካከል ስለሰቀሉት ድምፅ ማጉያ። ዕርቅ ዝግ ያለ ቃል ይፈልጋል። የተዋደዱ ሰዎች እንኳ እየጮኹ ቢነጋገሩ የተጣሉ ይመስላሉ፤ የተጣሉትማ ምን እንደሚመስሉ ይገምቱ። አያ እሸቴ «ደሙን ለእግዚአብሔር ብላችሁ…» ብለው ገና ሳይጨርሱ ማጉያዎ «ቅናሽ! ታላቅ ቅናሽ!» ብሎ ተቀበላቸው። የገሳዮቹ ፊት ጠቆረ። አንደኛው ነጠላውን አጣፍቶ ሊወጣ ሲል በስንት ልመና ተመለሰ። ማስታወቂያው የማን ሽቶ እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

፫ኛ፦ ስለ አሳንሰሩ ምንም አልልም። ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ቆሟል፤ ማንንም አላስቀየመም።

፬ኛ፦ እዚህ ላይ ብዕሬ ትሕትናዋን ልትጥል ይዳዳታልና ይታገሡኝ። ባለፈው ሳምንት የምዕራቡን በር፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ በሰንሰለት ቆለፉት። ምክንያቱን በኋላ ብጠይቅ መተላለፊያው ለሽቶ መሸጫ ሊከራይ ነው፣ ደግሞም አንድ በር በአንድ ጥበቃ ይበቃዋል አሉኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው፤ የእርስዎ ብብት ውስጥ የነበረው ግን የእኔ ወንድም ነው።

ቅዳሜ ጧት ከአንበሳሜ መኪና ወርደን ብንደርስ ሰንሰለት። ሽማግሎቹ ውስጥ ናቸው። ብንመለስ ዕርቁን ናቁት ልንባል ነው። ምን እናድርግ፣ ፎቁን ዞረን ወደ ምሥራቁ በር ሄድን። ገሳዮቹም በዚያው ቅጽበት ደረሱ። ለዓመታት በአንድ መንገድ ተላልፈው የማያውቁ ሰዎች በእርስዎ ቁጠባ ምክንያት በአንድ የፍተሻ ሰልፍ ተሰለፉ። ገፊው ብዙ፣ በሩ ጠባብ። ወደ ኋላ ማለትም አይቻልም። ከፊት ዋልልኝ፤ ከኋላው፣ ትንፋሹ እስኪሰማው ቀርቦ፣ የሟቹ ወንድም ደሳለኝ፤ ከደሳለኝ ኋላ እናቱ ወይዘሮ እቴነሽ። ማንም ገና አልተፈተሸም። የደሳለኝ ክላሽ ትከሻው ላይ ነው።  ፈንታሁን የፍተሻ ጠረጴዛውን ይዞ ቀረ።

ከአራተኛ ፎቅ የማይታይዎ አንድ ነገር አለ። የእኛ አገር ሰው እንዲህ የጠራ ወለል የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ስለሆነ የእርስዎን ወለል ሲያይ ጫማውን ያወልቃል። በምዕራቡ በር ፈንታሁን ዋልልኝን በየሳምንቱ «ግባ ወንድሜ፣ ይኸ ቅኔ ማሕሌት አይደለም» እያለ ይስቅበት ነበር፤ እሱ ግን አልለመደለትም። ቅዳሜም መድረኩ ላይ ደርሶ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለና እጁን ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሰደደ። ከኋላው ለቆመ ደመኛ፣ ጎንበስ ብሎ እግሩን የሚዳብስ ሰው ጫማ አያወልቅም፤ ጩቤ ይመዛል። ደሳለኝ ክላሹን ከትከሻው አወረደ። አቀባበለውም።

 ዋልልኝ የክላሹን ድምፅ ሰምቶታል፤ ቀና ቢል እንደሚያበቃለት አውቆ እንደ ጎነበሰ ቀረ። ያን ጊዜ ወይዘሮ እቴነሽ «ጫማ ነው! ልጄ፣ ጫማ ነው! የያዘው ጫማውን ነው!» ብለው በልጃቸው ክንድ ላይ ተንጠለጠሉ። ነጠላቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። ዋልልኝ ፊቱን ሳያዞር እጁን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገ። የያዘው ጭቃ የነካው ኮንጎ ጫማ ነበር።

አንድ ጫማ ነው፣ ክቡር ሆይ። የልጃቸውን ገዳይ ወንድም ያተረፉት እኚያ እናት ናቸው። ዝም ቢሉ ደማቸው ይመለስ ነበር፤ ዝም አሉ ብሎ የሚፈርድባቸውም ሰው አልነበረም። ግን አልቻሉም። 

ሽማግሎቹ መስቀል ይዘው ከውስጥ ወጥተው መካከል ገቡ። ገሳዮቹ ግን ወደ አዳራሹ አልገቡም። ደሳለኝ ላብ በላብ ሆኖ ለአያ እሸቴ እንዲህ አላቸው፦ «አባቴ፣ ዛሬ በጫማ ሰው ልገድል ነበር። ከእንግዲህ በዚያ በር አልቆምም፤ ራሴን አላምነውም። በየበራችን የምንገባ ከሆነ የፊታችን ቅዳሜ እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ካልሆነ ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለስ።» ወደ ነበረበት ማለት ወደ ዋልልኝ ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ ሰኞ ዕለት «የደንበኞችን ምቾት የሚያውክ ስብስብ» እንዳላስተናግድ ማስጠንቀቂያ ላኩብኝ። ስለ ደንበኞች ምቾት መጨነቅዎ ያስመሰግንዎታል፤ ወንድሜም እኮ ከእርስዎ ፎቅ ሸሚዝ ገዝቶ ያውቃል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዋልልኝ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ አንድ የራሴ ነገርም አለብኝ። ወይዘሮ እቴነሽን አላመሰገንኳቸውም። ዕርቅ ሳይፈጸም የገዳይ እህት ሄዳ የሟች እናት ጉልበት ስማ አታውቅም፤ ነውር ነው፣ ደም መቀስቀስም ነው። ወንድሜን መልሰው የሰጡኝን እናት በዓይኔ እያየሁ፣ የወደቀ ነጠላቸውን እንኳ አንስቼ ሳልሰጣቸው፣ እንደ ባዳ ቆሜ ቀረሁ። ያንገበግበኛል። እግራቸው ላይ ልወድቅ የምችለው በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በሽማግሎች ፊት፣ እሳቸው በምሥራቅ እኔ በምዕራብ ገብተን ነው። ሌላ ቦታ ቢኖር ኖሮ እርስዎን አላስቸግርም ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ናት። አበባዎ ይቀመጥ፤ ሽማግሎቹ ይቆማሉ። ማጉያዎም ይጩህ፤ በጥቅሻም ቢሆን እንግባባለን። የምዕራቡን በር ግን ለፊታችን ቅዳሜ ይክፈቱልን። ፈንታሁን በአንዱ በር ይቁም፣ ለሁለተኛው የሚከፈለው ጥበቃ ከጠፋ ዙለይካና እኔ ሴቶቹን እንፈትሻለን፣ ወንዶቹን የሽማግሎቹ ልጆች። ሽቶው እሑድም ይሸጣል።

ከላይ ወደ ታች የሚያዩበትን ዓይን እግዚአብሔር ያብራልዎ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም ያሸጋግርዎ፤ መልስዎን ከደረጃው ሥር አንጋጥጣ የምትጠብቅ፣ ስኳርዎን ሳትቀንስ የቆየች፣

ታማኝ ተከራይዎ
ሰብለወንጌል
የሻይ ቤቷ
ጥር ፳፻፲ ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ከለጠፍኩ በኋላ የሰንሰለቱ ቁልፍ ጠፍቷል መባሉን ሰማሁ። ጥሩ፤ ደሳለኝ አልቆምም ቢልም ቅዳሜ ሁላችንም በምሥራቁ በር እንገባለን። ሰልፉ ላይ በዋልልኝና በደሳለኝ መካከል የሚቆም ሰው ግን አጥተናል፤ ሽማግሎቹ አርጅተዋል፣ ፈንታሁንም ጠረጴዛውን ትቶ አይመጣም። ተመካክረን እርስዎን መርጠናል፤ ቦታዎን ይዘንልዎ እንጠብቃለን። ልጆችዎን ግን ይዘው አይምጡ።